«ሻሸመኔ የት ነው?»

ትናንት ጠዋት በገዛ ልጄ ቀናሁ... አዎ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ልጄ!

እዚሁ አዳማ፣ ትምህርት ቤቷ ተጠርቼ ነው የሄድኩት። መምህሯ ልጅ እግር ናት። ልጄን ማርታን አጠገቤ አቁማ «ጆሮዋ ጤነኛ ነው፤ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ጫጫታ ሲኖር ግን ቃላቱ ይደበላለቁባታል። ስለዚህ ከፊት አስቀምጫታለሁ። ፊት ለፊቷ ሆኜ እነግራታለሁ፤ ካልገባት እደግምላታለሁ» አለችኝ።

እደግምላታለሁ! ... እንዲህ በቀላሉ።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ከተማው ናዝሬት በሚባልበት ዘመን፣ መምህራችን ወደ ክፍል ገብተው «ጠመኔ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያ ሁሉ ልጅ እየተንጫጫ እኔ የሰማሁት «ሻሸመኔ የት ነው?» የሚል ነው። መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ! ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁና «ከዝዋይ አልፎ፣ አዋሳ ሳይደረስ!» አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ያሾፍኩባቸው መስሏቸው በአርጩሜ ለበለቡኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተመርቄ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳን አብሮ አደጎቼ ዛሬም «ሻሸመኔ» ነው የሚሉኝ። «ደንቆሮ» ያለኝ ሞልቷል። የደገመልኝ ግን አንድም ሰው የለም።

በልጄ የቀናሁት ያኔ ነው።

«ይሄ ማሞላቀቅ ነው!» አልኩ። «እንደማንኛውም ልጅ ከኋላ ትቀመጥ። እኛ ማን ደግሞልን ነው የተማርነው?»

ማርታ አንገቷን ደፋች። ወዲያው የእረፍት ደወል ተደወለና ግቢው ቀውጢ ሆነ። መምህሯ ደብተሮቿን ለመሰብሰብ አጎንብሳ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ።

«ማንን ነው ወንበዴ ያልሽው?!» ብዬ ጮህኩባት።

ሴትዮዋ ክው አለች። ማርታ ግን እጄን ሳብ አድርጋ ወደ እሷ አዞረችኝ።

«አባዬ፣ እኔን እየኝ... ወንበር። ወን-በር። ‹ወንበሯን ወደ ኋላ ልመልሰው ወይ?› ነው ያለችህ።»

በራሷ ላይ የሚፈርደውን ጥያቄ ቃል ሳታጎድል ነገረችኝ። ከዚያ ወደ መምህሯ ዞራ «ቲቸር፣ እሱም እንደኔ ነው። እያየሽው ንገሪው» አለቻት።

መምህሯ አልሳቀችም። ቀና ብላ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ። «ወንበሯ የት ይሁን፣ ጋሼ?»

«እዚያው ከፊት ይሁን» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ወስጃት ስንመለስ፣ ባጃጁ እየተንደቀደቀ፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን ለቆት፣ ማርታ ቀና ብላ እያየችኝ «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ማን ነበር የሚደግምልህ?» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«ምን አልሽ?» አልኳት።

ደገመችልኝ።