የመርማሪው ሳሙና

ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ሰሞን፣ ምናለሽ ተራ አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስገዛ ፖሊሶች ያዙኝ። ዕቃው ለቤተ ሙከራዬ ነበር። ካርቶኑን ተሸክሞልኝ የነበረው ተማሪዬ አመለጠ። እኔን እዚያው መርካቶ ውስጥ ወዳለ ጣቢያ ወስደው አንድ ክፍል ውስጥ ወረወሩኝ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ አለ፤ ሞልቶ ሲሚንቶው ላይ ይፈሳል። በክፍሉ ደንብ ከባልዲው አጠገብ የሚተኛው አዲስ ገቢ ነው። ተኛሁ። ሰው ሁሉ በላዬ እየተሻገረ ሸና፤ ፍንጣሪው ፊቴ ድረስ ይመጣ ነበር።

አጠገቤ የነበረ የአውቶቡስ ተራ ተሸካሚ፣ "ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለኝ።

ኒውትሪኖ የምትባል ኢምንት ቅንጣት እንደማጠና ነገርኩት። ከፀሐይ ትመጣለች፤ ግንቡንም እኛንም ሰንጥቃ ታልፋለች። አንዷን ለመያዝ ከመሬት በታች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ ዘርግቶ ዓመታት መጠበቅ ነው።

"እኛንም ሳትነካ?"

"ሳትነካ።"

"እንዲህ ሸትተን ማን ይነካናል!" አለና ክፍሉን አሳቀው።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ልብሱ ላይ ሽቶ አርከፍክፎ ጥብስ ይበላል። ቅባት በነካው ጣቱ ከቤቴ ያመጡትን ፓስፖርቴን ያገላብጣል። ውጭ አገር ወዳለው የምርምር ጉድጓድ የምሄድበት ቪዛ ያለው እሱ ላይ ነው። ያን ጉዞ ግማሽ ዕድሜዬን ጠብቄዋለሁ።

"ፕሮፌሰር፣ ተማሪህ ድንጋይ ሲወረውር አይቻለሁ ብለህ ፈርም። ነገ ትበራለህ።"

"አልወረወረም። የኔን ዕቃ ነው የተሸከመው።"

"እሱን ለኛ ተወው።" ከመሳቢያው ሳሙና አውጥቶ ወረወረልኝ። "ፈርምና ታጠብ። ትገማለህ።"

እውነቱን ነው፣ እገማ ነበር። ያጥወለወለኝ ግን የራሴ ግማት አይደለም። የልጁን ሕይወት እየጠየቀኝ ጥርሱን መጎርጎሩ ነው። ሳሙናውን ያልፈረምኩበት ወረቀት ላይ አስቀመጥኩለት።

"እርስዎ ይታጠቡበት። የኔ ግማት በውኃ ይለቃል።"

ወደ ባልዲው መለሱኝ። ከብዙ ወራት በኋላ ስፈታ የቪዛው ጊዜ አልፎ ነበር። ባልደረቦቼ ከጉድጓዱ ያገኙትን ውጤት መጽሔት ላይ አንብቤ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ከዓመታት በኋላ እዚያ ጉድጓድ የወረደው ያ ያመለጠው ተማሪዬ ነው።

ለመርማሪው ያደረብኝ ጥላቻ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። ዛሬም ወደ ሲኒማ ራስ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያ የሱ ሽቶ ከሸተተኝ፣ መንገዴ ገና ቢሆንም "ወራጅ አለ!" እላለሁ።