ሱቅ የሌለው በሽታ

ነገሩ ያስከፈለኝ ፍየሎቼን በሙሉ ነው፤ አላህ ይዘንላትና ባለቤቴ ትታልኝ የሄደችውን ቀይ ፍየል ጨምሮ። ያቺን ገዢ ሲመጣም አልሸጥኳትም። ባለቤቴ ታልባት በነበረበት ሰዓት በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ ትጮህ ነበር፤ እኔም በዚያ ድምፅ እነሳ ነበር።

ለአረፋ ገበያ ብዬ ከዋጃ የገዛኋቸውን ፍየሎች ቆቦ ባለው በረቴ ካሉት ጋር ቀላቀልኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ አፍንጫቸው ይዝረበረብ፣ አፋቸው ይቆስል ጀመር። እኛ የፍየል ነጋዴዎች ለሳልም፣ ለተቅማጥም፣ ለቡዳም የምናውቀው አንድ መርፌ ነው። ወጋኋቸው፤ ደገምኳቸው። መውደቃቸውን አልተዉም።

የእንስሳት ሐኪሟን ጠራሁ። የቀይዋን አፍ ከፍታ አየችና፣ «ጋሼ፣ መርፌዎ የባክቴሪያ ነው፤ ይሄ ቫይረስ ነው» አለችኝ።

«ምን ለያቸው?»

«ባክቴሪያ ትንሽም ብትሆን ባለሱቅ ናት። ራሷ ትበላለች፣ ራሷ ትባዛለች። መርፌው ሱቋን ይዘጋባታል። ፍየሏ የምትበላው ሳር ህዋስም፣ የፍየሏም ህዋስ ከባክቴሪያዋ የሚበልጥ ቤት ነው፤ የሳሩ ጠንካራ ግድግዳ አለው፣ የፍየሏ ስስ ሽፋን ብቻ። ቫይረስ ግን ቤት የለውም፤ የተጠቀለለ ትእዛዝ ነው። ፍየሏ ህዋስ ውስጥ ይገባና ባለቤቱን የራሱን ቅጂ ሲያሠራው ይውላል።»

«ደላላ ነው በይኛ!»

«ደላላስ ይበላል፣ ጋሼ። ይሄ እሱንም አያውቅም።» ሳቀችና ወዲያው የፍየሏን አፍ ቀስ ብላ ዘጋች። «ሱቅ ከሌለው ምኑን ይዘጉበታል? ያለው ክትባት ነው፤ እሱም ሳትታመም በፊት።»

በማግስቱ የሚቀሰቅሰኝ ስላልነበረ አርፍጄ ተነሳሁ።

ዛሬ በበረቱ የቀረው ገመድና ገንዳ ነው። ፍየል የለም።