ነጭ ሲሆን አትንኪው

ባየችን ጭሮ ውስጥ የማያውቃት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ማመልከቻ ሳያስጽፍ የኖረ ማን አለና! በደርግ ማብቂያ ላይ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር የጽሕፈት መኪናዋን ዘርግታ የባለጉዳይን ብሶት ወረቀት ላይ የምታሰፍረው እሷ ነበረች። 1983 መጣ፤ መንግሥት ሲቀየር የቢሮው ቋንቋ ኦሮምኛ ሆነ፣ ፊደሉም ላቲን። ያኔ ብዙ ማመልከቻ ጸሐፊ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደየአገሩ ገባ። ባየች ግን ኦሮምኛውን አፏን የፈታችበት ስለሆነ ያስቸገራት ጣቷ ብቻ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ለጣቶቿ አዲሱን ፊደል አስተማረቻቸው። ይህን የማወራላችሁ ወድጄ አይደለም፤ ሴትዮዋ አዲስ ነገር የምትፈራ እንዳልነበረች እንድታውቁልኝ ነው። ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣባት።

በ2002 ዓ.ም. የጽሕፈት መኪናዋን ሸጣ፣ ከድሬዳዋ አምስት አሮጌ ኮምፒውተር አስመጥታ ኢንተርኔት ቤት ከፈተች። መጀመሪያ ላይ ስቃይዋን ነው ያየችው። ተማሪው ሁሉ ፍላሹን እየሰካ በቫይረስ በከለባት፤ ጠዋት የተነሳ ማሽን ከሰዓት በኋላ ወድቆ ይገኛል። በመጨረሻ ዳጊ ደረሰላት። ዳጊ የእሷው ቤተ እምነት አባል የሆነ፣ ድሬዳዋ ላይ በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር ሰው ነው። በአምስቱም ላይ የነበረውን ጠራርጎ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ፕሮግራም፣ እሱም ለደከመ ማሽን የሚስማማውን ቀለል ያለውን ዓይነት ጫነላት።

«እትዬ፣» አላት ሲሄድ፣ «ከእንግዲህ ቫይረስ አያስቸግርሽም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብሮውዘሩ፣ ኢንተርኔቱን የምናይበት ማለት ነው፣ ሰኞ ሰኞ መታደስ አለበት። የኮሌጁም የባንኩም ገጽ ቁልፉን ይቀያይራል። አዲሱን ቁልፍ የማያውቅ ብሮውዘር ደጅ ቆሞ ይቀራል።» የምትጽፈውን ትእዛዝ ደብተሯ ላይ በትልልቁ አሰፈረላት። አንድ መስመር ናት።

ባየችም ቃሏን ጠበቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ አምስቱን በተራ ታድሳለች፤ ቀኑን ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ኔትዎርኩ እንደ ኤሊ እየተጎተተ አንዱን እድሳት ለማውረድ ሰዓት ሲፈጅባት እንኳ አታማርርም። ጎረቤቶቿ «የባየች ማሽን ሰኞ ሰኞ ይቆርባል» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ታዲያ በ2008 አንድ ሰኞ፣ እድሳቱ እኩሌታ ላይ ሳለ መብራት ድርግም አለ። መብራት መሄዱ ለጭሮ ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሲመለስ በአምስቱም ላይ ብሮውዘሩ አልከፈት አለ። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደንበኛ በር ላይ ተኮልኩሎ ያጉረመርማል። ዳጊ በስልክ እየመራት ሁለት ቀን ደከሙ፤ በስንት መከራ አሮጌውን መለሱት። «ለጊዜው እድሳት እንዳይነካው እንሰረው፣» አላት ዳጊ። «ኔትዎርኩና መብራቱ ረጋ ሲል ትፈቺዋለሽ።» አሰሩት።

ወይ ለጊዜው! ለጊዜው የተባለ ነገር ያገራችንን ሰው ስንት ጉድ አሳየው! ባየች ያቺን ሁለት ቀን እያሰበች ሰኞ በመጣ ቁጥር እድሳቱን ትፈራለች። «የሚሠራ ማሽን አይነካም» የሚል ፈሊጥ አወጣች። አንዳንድ ገጽ አልከፍትም ሲል «ገጹ ነው የተበላሸው» ትላለች። አንድ መምህር «ብሮውዘርሽ አርጅቷል» ቢላት «አንተም አርጅተሃል፣ ታስተምር የለም ወይ?» ብላ አሳቀችበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ባየች ሞኝ አይደለችም፣ የያዘችውን ግን አልለቀቀችም። ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ አለፈ።

በነሐሴ 2009 ከመቻራ አንዲት ልጅ መጣች። ኑኃሚን ትባላለች፤ የቡና ገበሬው የቶላ ልጅ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የነርሶች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ጥሩ ውጤት ያላቸውን በነፃ ሊያስተምር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ዕድሜ ከሃያ እንዳይበልጥ ይላል። ኑኃሚን ሃያኛዋን ይዛለች። ውጤቷ ደግሞ የሚያኮራ ነው። አባቷ በገለምሶና በበዴሳ አድርጋ፣ ያን ሁሉ አቧራ ጠጥታ ብቻዋን እንድትመጣ የፈቀደላት በዚህ ምክንያት ነው።

ልጅቱ ሦስተኛው ማሽን ላይ ተቀምጣ ቅጹን በጥንቃቄ ሞላች፤ ባየች አብራት አነበበችላት። «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ነጭ ሆነ። ምንም የለበትም፤ ባዶ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ቀደም ባለው ጊዜ አንድ ልጅ ገጹ ሲዘገይበት ደጋግሞ ተጭኖ ስሙ ሁለት ጊዜ ገባ፤ አጭበርባሪ ተብሎ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ኢንተርኔት ቤት ሁሉ አንድ ሕግ ጸና፦ አንዴ ብቻ ተጫን፤ ነጭ ከሆነ ሄዷል፤ አትንካው። ኔትዎርኩ ዘገምተኛ ስለሆነ እውነትም አብዛኛውን ጊዜ ሄዶ ይገኝ ነበር። ባየች ሕጉን ጽፋ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች።

«እትዬ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣችኋል ይላል እኮ። አልመጣም። ልድገመው?» አለች ኑኃሚን።

«ኧረ በስመ አብ! ነጭ ሲሆን አትንኪው!» ባየች የልጅቱን እጅ ከማውሱ ላይ አነሳችው። «ቁጥሩ በስልክሽ ይመጣል። ሁለቴ ገብተሽ ልትሰረዢ ነው? ሄዷል አልኩሽ፤ በይ መኪና እንዳያመልጥሽ።»

ልጅቱ አመስግናት ሄደች። ትልቅ ሰው ያለውን የምትሰማ ልጅ ነበረች፤ ጉዳቷም እሱ ሆነ።

ምዝገባው በተዘጋ በሳምንቱ ዳጊ ለለቅሶ ጭሮ መጥቶ ባየች ዘንድ ጎራ አለ። እግረ መንገዱን ኢሜይሉን ሊያይ ቢቀመጥ አልከፍት አለው። የብሮውዘሩን ዕድሜ አየና ደነገጠ።

«እትዬ! እስካሁን አልፈታሽውም? ይኼ እኮ የሞተ ነው!»

«እየሠራ ነው እባክህ፤ ባለፈው እንኳ ለኮሌጅ መዝግቤበታለሁ።»

«የቱ ኮሌጅ?» አሳየችው። ዳጊ የራሱን ላፕቶፕ አውጥቶ የኮሌጁን መመሪያ አነበበ፤ ገጹ ከአሮጌ ብሮውዘር ምንም እንደማይቀበል በግልጽ ተጽፏል። ከዚያ ምዝገባው ቢዘጋም ገጹ ላይ ክፍት የቀረውን የሙከራ ቅጽ በባየች ማሽን ሞልቶ ላከ። ነጭ ሆነ። «አየሽ? ይኼ ነጭ ዘግይቶ አይደለም። አልሄደም። ምንም አልሄደም።»

ያን ዕለት እስኪመሽ ሁለቱ ሆነው አምስቱንም አደሱ፤ ዳጊ አንድ አሮጌ ባትሪ አገናኝቶ መብራት ቢሄድም እንዳይቋረጥ አደረገላት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት እንዲህ ያለ ቀን ነው ትዝ የሚለው። «ለልጅቱ ደውዪላት፣» አላት ሲሰናበታት። «እሺ፣ ነገ፣» አለችው። ነገ ሲመጣ ከነገ ወዲያ አለች።

ሳትደውል ተደወለላት። ቶላ ነው።

«አዴ ባየች፣ ኮሌጁ ጋ ደወልኩ። እንዲህ የሚባል ስም አልደረሰንም አሉኝ። ልጄ ግን አንቺ ቤት ተመዘገብኩ ትላለች። ዱጋ ንገሪኝ፣ እውነቱን። ያን ቀን አንቺ ጋ መጥታ ነበር? ወይስ ጭሮ ስትዞር ነው የዋለችው?»

ሦስት ደንበኞች ወረፋ ይዘው ይጠብቃሉ። ባየች ወደ እነሱ አየች። ወሬው ቢወጣ በዚህ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ማመልከቻው የቀረበት ሁሉ በሯ ላይ ይሰለፋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት የገነባችው ስም ባንድ ቀን ገደል ይገባል።

«አቶ ቶላ፣» አለች፣ «የሚገባው የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። አላስታውስም።»

አላስታውስም! የልጅቱን እጅ በእጇ ያነሳች ሴት! እኔ ባየችን እወዳታለሁ፤ ለዚህች ቃል ግን ምንም መከላከያ አላገኝላትም። እሷም ለራሷ አላገኘችም።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ከመቻራ ቡና ይዛ የምትመጣው ነጋዴ ተሾመች ደጃፉ ላይ ይዛ አስቆመቻት።

«የቶላን ልጅ ሰማሽ? አባቷን ዋሽታ፣ ተመዘገብኩ ብላ ጭሮ ስትንሸራሸር ውላ መጣች አሉ። ሽማግሌዎቹ ከመዘምራን አገዷት። አንድ ወር ድርቅ ብላ ‹አልዋሸሁም› አለች። አባቷ አላናግር ብሏት፣ እናቷ እያለቀሰች... በስተመጨረሻ ባለፈው እሁድ ጉባኤ ፊት ቆማ ‹ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ› አለች። ስሙ ይባረክ፤ ተመለሰች።»

ባየች «አሜን» ማለት አቃታት። ቤቷ ገብታ የቀረበላትን ምሳ ሳትነካ ተወችው። ልጅቱ ያልሠራችውን ኃጢአት ተናዘዘች፤ ውሸቱን ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ እያለች አመሸች። ሰኞ ኮሌጁ ደወለች፤ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስልክ ያነሳችው ሴት በትሕትና ነው የመለሰችላት፦ ትምህርት ተጀምሯል፣ ቦታው ሞልቷል፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ዕድሜዋ ያልፋል። ስለዚህ ለኑኃሚን የሚመለስላት ነገር ስሟ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በባየች እጅ ነው ያለው።

ቅዳሜ ቤቷን ዘግታ መቻራ ሄደች። እሁድ ጠዋት የጉባኤውን ሽማግሌ ለመነችና ከስብከቱ በፊት ቆመች። በኦሮምኛ ነው የተናገረችው። ስንት ዓመት የሰው አቤቱታ ስትጽፍ ቃል ጠፍቷት የማያውቅ ሴት፣ የራሷን ያለ ወረቀት ተናገረች።

«ይቺ ልጅ አልዋሸችም፣» አለች። «ቤቴ መጥታለች። ቅጹን በትክክል ሞልታለች። ያልሄደው ማሽኔን ማደስ ፈርቼ ስለተውኩት ነው። ልድገመው ብትለኝ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቷ ሲጠይቀኝ ደግሞ እያወቅሁ አላስታውስም አልኩ። ውሸታም ፈልጋችሁ ከሆነ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ከወንዶቹ ወገን ቶላ ብድግ አለ። «ኢንተላ ኮ... ልጄ...» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሽማግሌው ደግ ሰው ነበር፤ ነገሩን ቶሎ ሊፈውሰው ቸኮለ። እንደ ደንቡ ባየችንም ኑኃሚንንም ወደ ፊት ጠራቸው። «እንግዲህ ጌታ እውነቱን ገለጠው። ኑኃሚን፣ እህታችንን ይቅር ብዬሻለሁ በያት፤ ተቃቀፉና እንዘምር» አለ። መዘምራኑም ለመነሳት ተዘጋጁ። ባየች እጇን ዘረጋች።

ኑኃሚን አልተነቃነቀችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን እስከ በሩ ተሰማ።

«ባለፈው ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ በይ አላችሁኝ፤ አልኩላችሁ። ዛሬ ደግሞ ያልተሰማኝን ይቅርታ በይ አትበሉኝ። አንድ ጊዜ ለእናንተ ስል ዋሽቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ባየች የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ልክ ናት፣» አለች፤ ሄዳም ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።