ከገበያ እስከ ገበያ የሚቆይ ስልክ

ይኼን ነገር ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራብኝ እኔው ራሴ ባወራው ይሻላል። አገኘሁ እባላለሁ። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ገብስና ባቄላ የማርስ ሰው ነኝ። ቁጣዬ ቅርብ ነው። ሚስቴ ውብነሽ ይኼን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እኔ ስጮህ እሷ ዝም ብላ የፈለገችውን ታደርጋለች።

ከጎረቤቴ ከቢሆነኝ ጋር የተጣላነው በድንበር ነው። ድንጋዩን ገፍቶ መሬቴ ውስጥ ገባ ብዬ ሽማግሌ ፊት አቆምኩት። ሽማግሌዎቹ ገመድ ይዘው ሲለኩ፣ ሁለት እርምጃ አልፌ የተገኘሁት እኔ ሆኜ አረፍኩት! ሰው ሲስቅ ሳይ ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ፣ "የዚህን ሰውዬ ደጅ ብረግጥ ገብርኤል ይፍረድብኝ!" ብዬ ማልኩ። ቢሆነኝ ምን አደረገኝ? ምንም። ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው ያናደደኝ።

በሁለተኛው ዓመት ቢሆነኝ ጣራው ላይ ሶላር አወጣ። በእኛ ቀበሌ መብራት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ስልኩን እሱ ቤት ይሰካ ጀመር። ከእኔ በቀር። እኔ በገበያ ቀን ወገዳ ስወርድ ልጄ መቅደስ ቤት እሰካለሁ፤ የቀረውን ሳምንት በዚያው እገፋለሁ።

ስልኩንም የሰጠችኝ እሷው ናት፤ አዲስ ስትገዛ የራሷን አሮጌ፣ በጣት የሚነካ ታች ስልክ። የቁልፍ ስልክ ሳለኝ ነገሩ ቀላል ነበር። ይኼኛው ግን ገበያ ውዬ ስመለስ ሞልቶ፣ በማግስቱ ከሰዓት ድርግም! አንገበገበኝ። አማቼ፣ የመቅደስ ባል፣ አንዱን ሁለቱን አሳየኝና የቀረውን እየነካካሁ ራሴ ደረስኩበት። የመስተዋቱን ድምቀት ፊደሉ እስከማይታይ ድረስ ቀነስኩ። ዳታውን ዘጋሁ። ሲደወል መንቀጥቀጡን አጠፋሁ። መቅደስ ያደረገችበትን የሚንቀሳቀስ የአበባ ሥዕል አንሥቼ ጥቁር አደረግኩት። በስልኩ ባትሪ ማብራትማ በቤቴ ክልክል ሆነ፤ ውብነሽ አንድ ቀን ጥጃ ልታይበት ብላ እንዴት እንደጮህኩባት እኔ ነኝ የማውቀው። ወደ እርሻ ስወጣም ፀሐይ እንዳያገኘው ቤት ምሰሶው ላይ ሰቅዬው እሄዳለሁ።

ሠራ! መጀመሪያ ሁለት ቀን ቆየ። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያማ ጉድ በሉ፣ ከገበያ እስከ ገበያ! እንዲያውም አንዳንድ ቀን ማታ ስገባ ጠዋት ከተውኩት ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ብዙ አሰብኩበትና ምክንያቱን ያገኘሁ መሰለኝ። በሬ ሲደክም ካሳረፉት ይበረታ የለም እንዴ? መሬትስ ቢያርፍ ኃይል አያገኝም? ስልክም እንደዚያው ነው አልኩ፤ ካሳረፉት ራሱን ይመልሳል።

ይኼን ለራሴ ብይዘው ምን ነበረበት! ሰንበቴ ላይ አወራሁት። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ጽዋቸውን አስቀምጠው፣ "እስቲ አገኘሁ፣ እንዴት እንዴት ነው የምታሳርፈው?" ይሉኛል። እኔ ተነሥቼ ቆሜ፣ ከመስተዋቱ እስከ ምሰሶው አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ቢሆነኝ ጥግ ተቀምጧል። እሱን እያየሁ፣ "ሶላር ለሶላር የሚሯሯጥ ሰው ስልክ መያዝ ያልቻለበት ነው" እላለሁ። እሱ ጽዋውን ያያል። ቅናት ነው ብዬ ደስ ይለኛል። ዓመት ሙሉ እንደዚህ አልኩ፤ በየወሩ።

መቅደስ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ሞቶባት ስለነበር ሁላችንም ፈርተናል። ወሯ ሲገባ ውብነሽ ልታርሳት ወገዳ ሄደች። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፣ ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። መቅደስ ስልክ ደውላ፣ "አባ፣ ምጥ ሲጀምረኝ ድምፅህን ካልሰማሁ አይሆንልኝም። ስልክህን እንዳትዘጋው" አለችኝ። "የእኔ ስልክ መቼ ዘግቶ ያውቃል!" አልኳት።

ውብነሽ በሄደች በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሞተ።

አላመንኩም። ባትሪውን አውጥቼ በጋቢዬ ጠረግኩት። መልሼ ከተትኩት። ምንም። ድካም በርትቶበት ነው ብዬ ጎተራው ሥር ጨለማ ውስጥ አሳረፍኩት፤ ጠዋት ይነሣል ብዬ! ጠዋት ሳየው ያው ነው። ገበያው ገና አራት ቀን ይቀረዋል። የቢሆነኝ ቤት ደግሞ ከአውድማዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሶላሩ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ሄጄ ልሰካው አልሰካው ስል ረፈደ። አልሄድኩም። ለንስሐ አባቴ፣ "የማልኩት መሐላ ነው የያዘኝ" ብያቸዋለሁ፤ ውሸቴን ነው። ገብርኤል አይደለም የያዘኝ። ሰንበቴ ላይ ያወራሁት ወሬ ነው የያዘኝ። አገኘሁ ስልክ ተሸክሞ ቢሆነኝ ቤት ገባ ከሚባል፣ ልጄ ብትጠራኝ አለመስማቱን መረጥኩ። እንደዚህ ያለ አባት ነኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በሬዎቹን አስገብቼ ብቻዬን ስወቃ፣ ቢሆነኝ ከአጥሩ ማዶ መጥቶ ቆመ። "አገኘሁ!" አለ። አልሰማሁም እንዳልል ሰምቻለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ጅራፉን አጮኽኩ፤ "ሂድ! ና ሂድ!" እያልኩ በሬዎቹን ነዳሁ። "አገኘሁ፣ ስማኝ እንጂ!" አለ። ይበልጥ ጮህኩ። ትንሽ ቆመና ሄደ። አሸንፌው የላክሁት መሰለኝ።

በማግስቱ የወንፈል ሰዎች መጥተው አብረን ስንወቃ ቢሆነኝ ተመለሰ። አሁን አልተጣራም። ጫማውን አውልቆ አውድማው መሃል ገባና የራሱን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ያዝ፣ ውብነሽ ናት።"

"አንተ ሰው፣ በሕይወት አለህ?" አለችኝ ውብነሽ።

"ምን ሆነች? ልጄ ምን ሆነች?"

"ተገላግላለች። ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ ተመስገን። ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትማጥ 'አባቴን አገናኙኝ' ስትል ነው የዋለች። ያንተው ዝግ ነው። ቢሆነኝን ብልክብህ ጀርባውን ሰጠኝ አለኝ። እኔ ለእሷ ምን ልበላት? 'ኔትወርክ የለም' እያልኩ ዋሸኋት።"

"ስልኩ ተበላሸብኝ" አልኳት።

"አልተበላሸም" አለችና ዘጋችው።

ቢሆነኝ እጁን ዘረጋ። "በል ወዲህ በለው፣ ልሰካልህ። ውብነሽ ከሄደች አምስተኛ ቀኗ አይደል? ከሦስት ቀን እንደማያልፍ አውቀዋለሁ።"

"እንዴት ነው የምታውቀው?"

የወንፈሉ ሰዎች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ አፉን በጋቢው ሸፍኗል።

"ተናገር እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። አሁንም እኮ እኔ ነኝ የምጮህ።

"ውብነሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ስልክህን እኛ ቤት ትተወዋለች፤ ስትመለስ ይዛው ትሄዳለች" አለ ቀስ ብሎ። "በየሁለት ቀኑ። 'የማለው እሱ ነው፣ እኔ መቼ ማልኩ?' አለችን። ዓመት አልፎታል።"

ዓመት! እኔ ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ ስቆም፣ ስልኬን የሚሞላው ሰውዬ ጥግ ተቀምጦ ይሰማኛል። ስሰድበው ይሰማኛል። አንድ ቀን አፉን ከፍቶ "ውሸትህን ነው" ቢል ኖሮ መቀበሪያዬ ያኔ ነበር፤ አላለም።

"መሪጌታስ ያውቃሉ?" አልኩት።

"ተወው አሁን፣ አገኘሁ።"

"ያውቃሉ ወይ?"

"እሳቸውም የሚሰኩት እኛ ዘንድ ነው። ስንት ቀን ከውብነሽ ጋር ተገናኝተዋል።"

ወይ መሬት! እንዴት እንዴት ነው የምታሳርፈው እያሉ የጠየቁኝ ሁሉ ለዚህ ኖሯል። በዚያ ሰንበቴ ውስጥ የማያውቅ ሰው አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባዶውን ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ቢሆነኝ እሱንም የራሱንም ከእጄ ወሰደ። "አውድማውን እኛ እንጨርሰዋለን፤ አንተ ወገዳ ውረድ። ግን መንገድ ላይ ሳለህ መቅደስ ብትደውል እንዳታጣህ ትንሽ ይሙላ" ብሎ ፊት ፊት ሄደ። ተከተልኩት። ደጁ ላይ ስደርስ እግሬ ተያዘ። እሱ አየ አላየ አላውቅም፤ ዞር ሳይል በሩን ከፍቶ ትቶልኝ ገባ።

ገባሁ። ግድግዳው ላይ ለስልክ የሚሆኑ ችንካሮች በረድፍ ተመተዋል። በአንደኛው ላይ ትንሽ የጨርቅ ኪስ ተንጠልጥላለች፤ ከአሮጌ ሸሚዜ የተሰፋች ናት፤ የውብነሽ ስፌት እንደሆነ አወቅኩት። ቢሆነኝ ሳያይ፣ እጁ እንደለመደው፣ ስልኬን ሰክቶ እዚያች ኪስ ውስጥ ከተተው።

ይቅር በለኝ ልለው ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ ግን "ሞላ ወይ?" የሚል ነው። ሰክቶት ገና እጁን እንኳ አላነሣም።

"ገና ነው። ቁጭ በል" አለኝ።

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በሬዎቼን ሊነዳልኝ ወደ አውድማው ተመለሰ።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሞላት። ስልኬን አሁን ራሴ ነኝ ይዤ የምሄደው፤ በየሁለት ቀኑ እዚያ መደብ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ከቢሆነኝ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ዘር እናወራለን። ያቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ አላልኳትም።