ሁለት መቶ ቃል ወደ ሞጣ

ሰው ቋንቋ የሚማረው ለምን እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ደብተራ ትዝ ይሉኛል። በ1961 ዓ.ም. ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶብስ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጥምጥማቸው አዲስ ነው፤ የኮታቸው ክርን ግን ተጥፏል። ግስ እንደሚያጠና የቅኔ ተማሪ ዓይናቸውን ጨፍነው የእንግሊዝኛ ቃል ከነፍቺው ሦስት ሦስት ጊዜ ይደግማሉ።

"ዋተር፣ ውሃ። ኮልድ፣ ብርድ።"

"የኔታ፣ ግዕዙ አልበቃ ብሎ ለፈረንጅ ሊቀድሱ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ። እሳቸውም አብረውን ሳቁ።

ኋላ አስተማሪ መሆኔን ሲያውቁ ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ሚስታቸው በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ለፈረንጅ ሐኪምና ለባለቤቱ ሰጡ፤ እነሱም ወደ አገራቸው ይዘዋት ሄዱ። አሁን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ለሳምንት ሞጣ መጥታለች። አማርኛ አታውቅም።

"ሁለት መቶ ቃል ይዣለሁ። ርቧት፣ በርዷት እንደሆነ እጠይቃታለሁ። 'ናፍቀሽኝ ነበር' እንዴት ይባላል፣ መምህር?"

ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ደገሙት።

"'አባት' የሚለውንስ ያውቁታል?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

"እሱን ተወው ልጄ። እሱን ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች።"