ጋሽ ዘውዴ የሳሉት ምላጭ

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው መንፈቅ ነው። ገና ቅርብ ስለሆነ ትዝታ ለማለት አልደፍርም። ብቻ አባቴ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ባየሁት ቁጥር ያ እሑድ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ወደ ላይ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ከሸጎሌ ለቅቀን ወደዚህ የገባነው ዓምና ስለሆነ ጎረቤቶቻችንን ገና አንድ በአንድ እየተዋወቅን ነበር። ከግቢያችን ቀጥሎ ጋሽ ዘውዴ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሠፈሩ ግን በመምህርነታቸው አይጠራቸውም፤ "ምላጭ ሰብሳቢው" ነው የሚላቸው።

ምላጭ ስል ከሱቅ የምንገዛውን ስሱን ማለቴ አይደለም። ድሮ ጸጉር ቤት የነበረውን፣ እንደ ሴንጢ እየታጠፈ እጀታው ውስጥ የሚገባውን፣ በድንጋይና በቆዳ የሚሳለውን ማለቴ ነው። በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ጸጉር አስተካካዮች ለየሰው አዲስ ምላጭ መክፈት ሲጀምሩ፣ እነዚያ የድሮዎቹ በየመሳቢያው ተረሱ። ጋሽ ዘውዴ ከየጸጉር ቤቱ ጓዳ፣ ከምናለሽ ተራ የብረት ክምርና ከገበያ እየለቀሙ ሰበሰቧቸው።

አንድ ቀን በር ላይ አገኙኝ።

"ሚጣ፣ ስልክሽ ጥሩ ፎቶ ያነሳል አሉ" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ። ማንን ላንሳልዎት?"

"ሽማግሌዎቼን።"

ሽማግሌዎች ያሏቸው ምላጮቹን መሆኑ የገባኝ ቤታቸው ስገባ ነው። በቴሌግራም ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች ጋር ይጻጻፋሉ፤ የእሳቸው ስልክ ካሜራ ደግሞ ሁሉንም ነገር ጭጋግ ያስመስለዋል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ አነጠፉና ምላጮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ። እያንዳንዱ ምላጭ ከአሮጌ ካኪ ሱሪ የተሰፋ የራሱ ትንሽ ከረጢት አለው።

አንዱን ላቃናው እጄን ስዘረጋ፣ "ጣትሽን!" ብለው ጮኹ። ደነገጥኩ። ወዲያው ፈገግ አሉና የሰው ላብ ብረቱን እንደሚያዝገው አስረዱኝ። በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አይደሉም። አንዱ ጫፉ ክብ ነው፤ ሌላው እንደ መጥረቢያ የተቆረጠ ነው። አንዱ ብረት ላይ መርከብ ተቀርጾበታል። ከብዛት ሲሳል ኖሮ ስፋቱ አልቆ እንደ ሣር ቅጠል የቀጠነም አለ። እሳቸው የሚወዷቸው ግን የሚያብረቀርቁትን አልነበረም። እጀታቸው ተሰብሮ እዚሁ አገር የተጠገኑትን ነው።

"የውጮቹ 'እጀታው የራሱ አይደለም' እያሉ ይንቁብኛል" አሉ፣ የቀንድ እጀታ ያለውን አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው። "ተመልከችው እስቲ። ሰውየው ሲሰበርበት አልጣለውም። የበሬ ቀንድ ፈልጎ፣ ፍቆ፣ አለስልሶ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቸነከረው። ከዚህ በላይ የራሱ የሚሆነው እንዴት ነው?"

ይስሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጭራሽ እንደማያደርጉት ነገሩኝ። በተሳለ ቁጥር ብረቱ ያልቃል፤ የድሮው ባለቤት እጅ የተወው ምልክትም ይጠፋል። "የሰውን መስመር አጥፍቼ የራሴን ልጽፍበት? ምን በወጣኝ!" አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን መናገር አለብኝ።

አባቴ አቶ ፈይሳ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የተወለደው ከእንጦጦ ጀርባ ገጠር ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ገና ጎረምሳ ሆኖ ነው። አብሮት የመጣ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ አሳድጎ፣ ሙያ አስተምሮ፣ አብሮት ሲሠራ የኖረ። አጎቴ ሲሞት አባቴ እንደ ወጉ ጢሙን አሳደገ። አርባው ሲደርስ የእድር ጓደኞቹ መጥተው፣ "በል እንግዲህ ፈይሳ፣ ጸጉር ቤት ሂድና ተላጭ" አሉት። "ገና ነው" አላቸው። ሰማንያው አለፈ። ሙት ዓመቱም አለፈ። ጢሙ ደረቱ ላይ ደረሰ።

እናቴ ለምና ለምና ሰለቻት። አከራያችን እትዬ አስካለ ደግሞ ባዩት ቁጥር፣ "አቶ ፈይሳ፣ ደብረ ሊባኖስ መቼ ነው የሚገቡት?" ይሉታል። አባቴ የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል።

ከሁሉም የከፋው የእህቴ የሰላም ጉዳይ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ታስቦ ነበር። አባቴ ግን፣ "እናንተ ደግሱ፣ እኔ ሐዘን ላይ ነኝ፤ ከኋላ ቁጭ ብዬ አያለሁ" አለ። ሰላም ደግሞ፣ "አባዬ ከፊት ካልቆመ አላገባም" ብላ ድርቅ አለች። ሁለቱም አልሸነፍ አሉ። የሙሽራው ቤተሰብ ቁርጡን ይነገረን ማለት ጀምሮ ነበር።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ወደ መጨረሻ ላይ ጋሽ ዘውዴ ጠባብ፣ የቀንድ እጀታው የጠቆረ ምላጭ አወጡ።

"ይሄኛው ጸጉር ቤት ገብቶ አያውቅም" አሉኝ። "ሐዘን ማውጫ ነው።"

ሸጎሌ በግ ሊሸጡ ከወጡ አንድ ገበሬ ነው ያገኙት። ገበሬው ከእንጦጦ ጀርባ የመጡ ናቸው። ምላጩ የአባታቸው ነበር። በእነሱ ቀበሌ ሐዘንተኛ ራሱን አይላጭም፤ ጸጉር ቤትም አይሄድም። ሐዘን የቀመሰ ሽማግሌ ምላጩን ይዞ እቤቱ ይመጣል። ምላጩን ጉንጩ ላይ አሳርፎ "ይበቃሃል" ይለዋል። ሐዘኑ የሚወጣው ያኔ ነው።

"እሺ፣ ማንም ባይመጣለትስ?" አልኳቸው።

"እኔም ሰውየውን ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። 'ይጠብቃላ!' አሉኝ።"

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አባቴ ጸጉር ቤት ሂድ በተባለ ቁጥር ለራሱ የሚያጉረመርማት ነገር ትዝ አለችኝ፤ "ለሐዘን ጸጉር ቤት ይኬዳል እንዴ?" ይላል። እኛ ሰበብ ይመስለን ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ዘውዴ የአባቴን ጢም ለሃይማኖት ብሎ ያሳደገው ይመስላቸው ነበር። "አገሩ ወዴት ነው?" አሉኝ። ስነግራቸው ምላጩን ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሳጥን ውስጥ የመሳያ ድንጋይ አወጡ።

"ጋሼ፣ አይሳልም ብለውኝ የለም እንዴ?"

"ብያለሁ" አሉ ድንጋዩን እያራሱ። "ሥራውን ስለጨረሰ ሽማግሌ ነው ያልኩት። የሚጠብቀው ሰው ካለ ግን ሌላ ነው።"

በዚያ ሳምንት ከትምህርት ስመለስ በአጥሩ በኩል የድንጋዩን ድምፅ እሰማ ነበር። ቸኩለው አልሠሩትም። ጥቂት ይስሉና በአጉሊ መነጽር ያዩታል፤ ያርፋሉ፤ እንደገና ይስላሉ። በመጨረሻ የክንዳቸውን ጸጉር ሞከሩበት፤ አንድም አልቀረም። በፈላ ውኃና በአልኮል አጸዱት። እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ የቤቱን ጉዳይ ለጎረቤት አወጣሽው ብሎ ቢቆጣስ? ለእህቴም ለእናቴም አልተናገርኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ዘውዴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ምላጩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ግቢያችን ገቡ። አባቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የቧንቧ ቁራጭ ይዞ መግጠሚያ ጥርሱን ያጸዳ ነበር። ብድግ አለና ወንበሩን ለቀቀላቸው። እሳቸው አልተቀመጡም። ጨርቁን ፈቱ።

አባቴ ምላጩን አየ። ከዚያ ፊታቸውን አየ። እጁ ላይ የነበረው የቧንቧ ቁራጭ ወድቆ ተንከባለለ።

"ይህን ማን ነገረዎት?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምላጩን የሸጡልኝ ሰው የእርስዎ አገር ሰው ናቸው። አቶ ፈይሳ፣ ዘግይቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እናቴና ሰላም በሩ ላይ ቆመዋል። ለመላጨት የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን አልተቀመጠም። ቆሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

"እርስዎንስ? ማን ላጨዎት?"

ጋሽ ዘውዴ ግራ ገባቸው። "ባለቤቴ ስትሞት ነው? እ... ማንም። ትምህርት ቤት መግባት ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት ራሴ መስታወት ፊት ቆሜ ተላጨሁ፤ በቃ።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያው አይሆንም ጋሼ" አለ።

የእህቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። እኔ ነኝ ይህን ሁሉ ያመጣሁት። ለካ አንድ ጊዜም በወጉ ሐዘኑ ያልወጣለት ሰው የሌላውን ሐዘን አያወጣም፤ ይህን ደግሞ ጋሽ ዘውዴም አያውቁም ነበር። ምላጩን በጨርቁ መልሰው ሊጠቀልሉ ሲሉ አባቴ እጃቸውን ያዘ።

"ይቀመጡ" አላቸው።

"እኔ?"

"እርስዎ። ታላቅ ይቀድማል። እኔ አባቴ ሲሞት አገር ቤት በወጉ ተላጭቻለሁ።"

ጋሽ ዘውዴ ተቀመጡ። ጠዋት የተላጩ ናቸው፤ ጉንጫቸው ላይ የሚነሣ ነገር አልነበረም። አባቴ እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣና ጉንጫቸውን በውኃ አረጠበው። ከዚያ ምላጩን ዘርግቶ፣ ቧንቧ የሚፈታበት ያ ሻካራ እጁ እንዲያ ይለሰልሳል ብዬ አስቤ በማላውቀው አኳኋን፣ ከጆሯቸው ሥር እስከ አገጫቸው አንድ ጊዜ አወረደው።

"ስማቸው ማን ነበር?"

"አልማዝ" አሉ።

አባቴ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገረ። "ለወይዘሮ አልማዝ ያዘኑት ይበቃዎታል።"

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያለቅሱ ድምፅ አላሰሙም። አባቴ እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ቆሞ ጠበቀ፤ አላባበላቸውም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። ምላጩ እንደገና ታጠበ። ጋሽ ዘውዴ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር እኔ ዓይኔን ልጨፍን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

"ጋሼ፣ ጆሮዬን ግን ይተዉልኝ" አለ አባቴ። በዚያ ቤት ቀልድ ከሰማን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር።

"አይዞህ፣ ሁለት አለህ" አሉት። አንቱ ሲሉት የኖሩትን ሰው አንተ ማለታቸውን ራሳቸውም ያስተዋሉ አይመስለኝም። "ፈይሳ፣ ለወንድምህ ይበቃሃል" ብለው ምላጩን አወረዱት። ከጢሙ ጥቂቱ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሰላም ሮጣ ሄዳ አቀፈችው።

እትዬ አስካለ ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ እልልታቸውን ለቀቁት። "ምነው፣ ምንኩስናው ቀረ እንዴ?" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

የቀረውን ጢም ከሰዓት በኋላ የሠፈራችን ጸጉር አስተካካይ በአዲስ ምላጭ አነሣው። አባቴ ራሱ ነው ተነሥቶ የሄደው። ሲመለስ ጢሙ የነበረበት ቦታ ነጥቶ፣ ግንባሩ ጠቁሮ፣ ሁለት ሰው መስሎ ነበር። ሠርጉ በጥር ሆነ፤ አባቴም ከፊት ቆመ።

ፎቶዎቹንና የሐዘን ማውጫውን ታሪክ በቴሌግራም ስንልክ ከውጮቹ ሰብሳቢዎች አንዱ ምላጩ በመሳሉ በጣም አዝኖ ጻፈ። ጋሽ ዘውዴ በጨዋ ቋንቋ እንድመልስለት ጠየቁኝ። ምን እንደምጽፍ ጨንቆኝ ስቀመጥ፣ "ሥራ ስለነበረበት ነው በይው" አሉኝ። እንደዚያው ጻፍኩለት።

እኔ አሁንም የሚገርመኝ የእኛው ነገር ነው። ያን ያህል ጊዜ አባቴን ሂድ እያልን እንወተውተው ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚመጣ ሰው ይጠብቅ ነበር። ለመናገርም አፈረ፤ ና ላጨኝ ተብሎ አይጠራማ። ጋሽ ዘውዴ ስንት ዓመት እንዳይነኩ የጠበቋቸውን ነገሮች አውቃለሁ፤ ጣቴን እንኳ እንዳሳርፍ አልፈቀዱልኝም። ከእነዚያ አንዱን በጎረቤትነት ብቻ ለሚያውቁት ሰው ሲስሉ ስላየሁ፣ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ብሆን ብዬ እመኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከዳገቱ በላይ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው አርባው ደርሶ ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ጋሽ ዘውዴና አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀስ እያሉ ዳገቱን ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ማን ማንን እንደደገፈ መለየት አልቻልኩም።