ከአፍ አንድ ስንዝር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ሚሞሪ ካርድ ላይ በፕላስተር የምለጥፈውን የደንበኛ ስም ብቻ ነው። ነገር ግን ጫጫታ መሃል በስልክ ጥሩ ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። በአፌ ማስረዳት ስለማፍር ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩት ከለውጡ በፊት ባሉት ዓመታት፣ ስማርት ስልክ ወረታ ውስጥ ገና በጥቂት ሰው እጅ ሳለ ነው። ቀጣሪዬ ጋሽ በለጠ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሰው ናቸው። በደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ሠርግ ይቀርጻሉ፣ ሞንታርቦ ያከራያሉ፣ ለነጋዴ ማስታወቂያ ይቀዳሉ። እኔን የቀጠሩኝ ሱቅ እንድጠርግና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እንድጭን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ድምፅ የሚቀዳው ሠራተኛ ቀረ። ጋሽ በለጠ የሱቁን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጡና «ገበያ ሂጂ። እትዬ ሙሉ ስለ ጨርቃቸው የሚሉትን ቀድተሽ ነይ። ቀዩን ስትነኪው ይጀምራል፣ መልሰሽ ስትነኪው ያቆማል። ሌላ ነገር የለውም» አሉኝ።

እትዬ ሙሉ አንሶላና ነጠላ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ የሚሰማ ሴት ናቸው። ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ስልኩን ወገቤ ላይ ይዤ ቆምኩ። የትልቅ ሰው ፊት ላይ እጅ መዘርጋት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ። እሳቸው ተናገሩ፤ እኔ ቀዳሁ፤ አመስግኜ ተመለስኩ።

ጋሽ በለጠ ሳይሰሙት ሞንታርቦው ላይ ሰክተው በሱቁ በር ለቀቁት። ባጃጅ ተሰማ። የጭነት መኪና ጡሩምባ ተሰማ። ዶሮ ተሰማች። ነፋስ ተሰማ። ከሁሉም ኋላ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለች የምትመስል አንዲት ሴት ታጉተመትማለች።

እትዬ ሙሉ ከገበያ ድረስ መጡ። «ኧረ በለጠ! የባጃጅ ማስታወቂያ ነው እንዴ ያስቀዳኸኝ? እኔ የታለሁ?»

መንገደኛው ሳቀ። ጋሽ በለጠም ሳቁ። «ይቺ ዝናሽ ምን ታድርግ፤ ስልኩም እንደሷ ዓይናፋር ሆኖ ነው» አሉ።

ከሱቁ ወጥቼ በዚያው ልቀር ፈልጌ ነበር። ከመሄዴ በፊት ግን ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ያን ቅጂ ደግሜ ሰማሁት። ዶሮዋ ከእትዬ ሙሉ የበለጠ ጥርት ብላ ትሰማለች። ለምን? ዶሮዋ እግሬ ሥር ታስራ ነበር። ስልክ ማን ትልቅ ሰው እንደሆነ አያውቅም። የቀረበውን ይሰማል፤ በቃ።

በማግሥቱ ወደ እትዬ ሙሉ ተመለስኩና እንደገና እንድቀዳ ለመንኳቸው። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ርቀቱን በጣቶቼ ለካሁ፤ ከአውራ ጣት እስከ መሃል ጣት፣ አንድ ስንዝር።

«ምነው ለካሽኝ? ቀሚስ ልትሰፊልኝ ነው?» አሉኝ።

ሳቄ መጣና ማፈሬን ተውኩ። የጨርቃቸውን ክምር ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ፤ ጨርቅ ድምፅ ይውጣል። መንገዱን ፊት ለፊት የሚያየው የስልኩ ጀርባ ሆነ። ያ ቅጂ በገበያው ሲለቀቅ ከረመ።

ሥራዬ ከዚያ በኋላ ድምፅ መቅዳት ሆነ። በሠርግ ቤት ማዕረጋችን የታወቀ ነው። ካሜራ ያዡ ከፊት ይሄዳል፣ ምግብም ቀድሞ ይቀርብለታል። መብራት ያዡ ይከተላል። ድምፅ ያዥ ግን ከሙሽራው ሚዜ ኋላ ተገፍታ የምትቆም፣ ማንም ዘመድ ናት የሚላት ልጅ ናት። ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር።

ብዙውን ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። ስልኩ ድምፅ የሚሰማው ከታች ባለችው ትንሽ ቀዳዳ እንደሆነ ያወቅኩት አንድ ሙሉ የሙሽራ ሽኝት በጣቴ ደፍኜ ከቀዳሁ በኋላ ነው። ሲቀዳ ስክሪኑ ላይ የምትዘለው መስመር ላይኛው ጠርዝ ከደረሰች ድምፁ እንደሚሰነጠቅ፣ የተሰነጠቀም እንደማይጠገን ያወቅኩት በእልልታ ነው። ከዚያ ወዲህ እልልታ ሲመጣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ።

ሐሙሲት ከተማ በነበረ ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሙሽሮቹን እየመረቁ ሳለ ስልኩ ጠራ። ቅጂው ተቋረጠ። የደወሉት ጋሽ በለጠ ናቸው፤ «ምርቃቱን እየቀዳሽ ነው?» ሊሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩን ከመንካቴ በፊት የአውሮፕላኑን ምልክት እነካለሁ፤ ጥሪ እንዳይገባ። ጋሽ በለጠም «ስልክሽ ምነው አይሠራም?» ብለው ተቆጥተውኝ አያውቁም።

አሁን ወደ አያ ደሴ ልምጣ።

አያ ደሴ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸው ያልጋነሽ ሱቃችን መጣች። ወረታ አስተማሪ ናት፤ በዓይን እንተዋወቃለን።

«አባቴ ጉሮሮው ውስጥ እባጭ ወጥቶበታል» አለችን። «ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነው። ሐኪሙ ነፍሱ ትተርፋለች፣ ድምፁ ግን ላይመለስ ይችላል ብሎናል። እህል በበሬ ሲያበራይ የሚያዜመውን ቅዱልኝ። እኔ ያደግኩት በዚያ ነው።»

ጋሽ በለጠ ቀለል ብሏቸው ነበር። «አምጪያቸዋ። ጓዳዬ ጸጥ ያለ ነው።» ጓዳው ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ የመንገድ ድምፅ የማይገባበት ነው።

አያ ደሴ በማግሥቱ መጡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስልኩን በስንዝር አቀረብኩ። አዜሙ። አንድም የሚረብሽ ድምፅ አልነበረም። መስመሯ መሃል ላይ ብቻ ትሄዳለች። በሙሉ የሥራ ዘመኔ እንደዚያ የጠራ ቅጂ አልያዝኩም።

ያልጋነሽ ማዳመጫውን አድርጋ ሰማች። ቶሎ አወጣችው። «ይኼ አባቴ አይደለም» አለች።

እውነቷን ነበር። ቀበሌ ፊት ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ይመስላሉ።

አያ ደሴ ራሳቸው አፈሩ። «ምን ላድርግ እናንተዬ፤ በሬው የለ! ለብርድ ልብስ ነው የማዜመው?» አሉ። ከዚያም «ነገ የመጨረሻዋን ሩዝ አበራያለሁ። ከነገ ወዲያ ባሕር ዳር ነኝ» አሉ።

እሳቸው ወጥተው ሲሄዱ ጋሽ በለጠ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውድማ ላይ ነፋሱ አለ፣ የበሬው ኮቴ አለ። ዘንድሮ ደግሞ ያ ሜዳ ሁሉ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ሄደሽ የምታመጪው ሞተር ነው። ደንበኛዋንም ታስለቅሻታለሽ። ይቅር።»

ለጋሽ በለጠ እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። «እሄዳለሁ» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ ስላልተሰማቸው ደግሜ አልኩት።

ጠዋት አውድማው ዘንድ ስደርስ ሞተሩን ገና ከሩቅ ሰማሁት። ምትኩ የሚባል ጎረቤት ከአውድማው አጠገብ ሽንኩርት ያጠጣል። እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት።

«እኅቴ፣ የውሃው ተራ የኔ እስከ ቀትር ነው» አለኝ። «ከቀትር በኋላ ሽንኩርቱን በእንባሽ ታጠጪልኛለሽ?»

አያ ደሴ ደግሞ የሚያበራዩት እስከ ቀትር ነው። ሁለቱም እኩል ሊጨርሱ ነው።

መጀመሪያ ስልኩን ይዤ ከጎናቸው ልሄድ ሞከርኩ። ቦራ የሚባለው በሬያቸው እንግዳ ሲያይ ደነበረና ተጠማጁን ዳልቻን እየጎተተ ከአውድማው ወጣ። ነዶው ተበተነ። አያ ደሴ በሬዎቹን መለሱ። ያልጋነሽ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታየኝ አየኋት።

ወደ ዳር ሄጄ ከዚያ ቀዳሁና ሰማሁት። ሞተር ነው። ጋሽ በለጠ እንዳሉት።

ያን ጊዜ የእትዬ ሙሉ ዶሮ ትዝ አለችኝ። የቀረበ ይሰማል። እኔ መቅረብ ካልቻልኩ ስልኩ ብቻውን ይቅረብ።

ሻሼን ፈታሁ። ስልኩን ገልብጬ፣ ቀዳዳዋ ወደ ላይ፣ ወደ አፋቸው እንድታይ አድርጌ ነፋስ እንዳይመታት በሻሹ አንድ ዙር ብቻ ጠቀለልኩት። ሁለት ዙር ከሆነ ድምፅ ያፍናል። ከዚያ አያ ደሴ ፊት ቆምኩ። አንገታቸው ላይ አሥሬ ደረታቸው ላይ ማንጠልጠል አለብኝ። እጄ አልነሣ አለኝ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ደረትዎ ላይ ላስረው ነበር» አልኩ ወደ መሬት እያየሁ።

«ምን አልሽ?» ሞተሩ ነው፤ አልሰሙኝም። ጆሯቸውን አዘነበሉ።

ደግሜ ተናገርኩ፤ አልሰሙኝም። መናገሩን ተውኩና አሰርኩት። ከአገጫቸው እስከ ስልኩ በጣቶቼ ለካሁ። አንድ ስንዝር።

አያ ደሴ ደረታቸውን አይተው ሳቁ። «አንቺ ልጅ ደብተራ ነሽ እንዴ? ክታብ አሰርሽልኝ እኮ!»

ግማሽ ደቂቃ አስኬድኳቸውና ሰማሁት። ድምፃቸው አለ፤ ግን ጋቢያቸው ስልኩን እየፈተገ ይንኮሻኮሻል። ጋቢያቸውን ተቀበልኳቸው። እንደገና ሞከርኩ። አሁን ኮሽታው የለም። የአውሮፕላኑን ምልክት ነካሁ፣ ቀዩን ነካሁ፣ ወደ ዳር ወጣሁ።

አያ ደሴ በሬዎቹን ማዞር ጀመሩ። አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛው ላይ ቦራን በስሙ ጠሩት፣ ዳልቻን አሞገሱት፣ ከዚያ ዜማው መጣ። ጓዳው ውስጥ ያልነበረው ሁሉ መጣ። በሬዎቹ ሲዘገዩ ዜማውን ይስባሉ፣ ሲፈጥኑ ያሳጥራሉ። መሃል ላይ ያስላሉ፣ ቦራን ይሰድባሉ፣ መልሰው ይለማመጡታል። ያልጋነሽ ክምሩ ሥር ተቀመጠች።

እስከ ቀትር ድረስ አላቋረጥኳቸውም። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪው።

ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። ስልኩን ፈትቼ፣ ቅጂውን አስቀምጬ፣ ማዳመጫውን ለያልጋነሽ ሰጠኋት። ብዙ ሰማች። ማዳመጫውን አውጥታ አባቷ ጆሮ ላይ አደረገችው። አያ ደሴ ሰሙና «ሞተሩም አለ» አሉ።

አለ። ዝቅ ብሎ፣ ከሩቅ፣ የምትኩ ሞተር አለ። አላጠፋሁትም፤ ማጥፋትም አልቻልኩም። እሳቸው ግን ከፊቱ ናቸው።

ጋሽ በለጠ ቅጂውን ሱቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰሙት። «በምን ያዝሽው?» አሉኝ። «በሻሽ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ ዕቃ ጋር አንድ ስስ ሻሽ አብሮ ይቀመጣል።

አያ ደሴ ከሕክምናው በሕይወት ተመለሱ። ድምፃቸው አልተመለሰም። በቀጣዩ ዓመት ያልጋነሽ ቅጂውን በትንሽ ስፒከር አውድማው ላይ ለቀቀችው፤ ቦራ ጆሮውን አቁሞ ዞረ አለችኝ። አያ ደሴ ዱላቸውን ይዘው፣ ዝም ብለው፣ ከኋላው ይሄዱ ነበር። ሲያልቅ በእጃቸው «ድገሚው» አሏት።

ለሥራ ባልደረቦቼና አሁን ለሚጀምሩ ልጆች የምለው ይኸው ነው። ጫጫታ እስኪቆም አትጠብቁ፤ አይቆምም። ሰውየውን ሥራውን ከሚሠራበት ቦታ አታንሡት። ቀዳዳዋን ወደ አፉ አዙሩ፣ ነፋሱን ሸፍኑ፣ ጥሪ ዝጉ፣ ግማሽ ደቂቃ ቀድታችሁ ስሙ። ከአፍ አንድ ስንዝር ቅረቡ። ማፈር ካለም ቀርባችሁ እፈሩ።

የዚያ ቅጂ መጨረሻ ግን እኔ ዘንድ ብቻ ነው ያለው። ለያልጋነሽ ስሰጣት ቆረጥኩት። አያ ደሴ አበራይተው ወደ እኔ ሲመጡ ቀዩን ነክቼ ለማቆም አልደረስኩም ነበር፤ ስልኩ ደረታቸው ላይ ሆኖ መቅዳቱን ቀጥሏል። «ተያዘልሽ?» ይላሉ። ከዚያ ሞተሩ ብቻ ይሰማል። እዚያ ላይ «አዎ» ብያለሁ፤ አውቃለሁ፣ ብያለሁ። ስልኩ ከእኔም ሁለት ስንዝር አይርቅም ነበር። ግን በቅጂው ውስጥ የለሁም። «ምን አልሽ?» ይላሉ። እንደገና ሞተር። ከዚያ ሳቅ ይላሉ፤ በቅጂው ውስጥ ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው፦

«ልጄ፣ ድምፅሽን አውጪው እንጂ። ለማን ብለሽ ነው የምታስቀምጪው?»